በረዶ ያለበትን ልብ ወለድ እንዴት እንምረጥ?

[ምስል፦ የመጽሐፍ ሽፋን። ነጭ ሜዳ፣ አንዲት ትንሽ ቤት፣ መስኮቷ ላይ ቢጫ መብራት።]

ይህን ሽፋን ታውቁታላችሁ። ይህኛውን ባይሆን ወንድሙን። የፈረንጆቹ ገና ሲቃረብ መደብሩ ሁሉ በእሱ ይሞላል። ደስ ብሏችሁ ትገዙታላችሁ። ቤት ገብታችሁ ስትገልጡት ግን በረዶው ሽፋኑ ላይ ቀርቷል። ውስጥ ሁለት ሰዎች ካፌ ይተዋወቃሉ፣ ይኮራረፋሉ፣ ይታረቃሉ። ነሐሴ ላይ ቢገናኙም ታሪኩ ያው ነበር።

የዛሬው ቪዲዮ ስለ ሌሎቹ ነው። ብርዱ ለጌጥ ስላልገባባቸው መጻሕፍት። እኔ የምመርጠው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ብርዱ እዚህ ታሪክ ውስጥ ሥራው ምንድን ነው? ብናወጣው ምን ይፈርሳል? ምንም ካልፈረሰ መጽሐፉን ወደ መደርደሪያው መልሱት። ጥሩ መጽሐፍ ሊሆን ይችላል፤ የበረዶ መጽሐፍ ግን አይደለም።

የማነሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። እንቀጥል።

[ምስል፦ የድሮ ሴንት ፒተርስበርግ ጎዳና፣ ጭጋግ።]

ብርድ መጀመሪያ የሚነካው ኪስ ነው። ይህን ከሩሲያዊው ደራሲ ከኒኮላይ ጎጎል በላይ ያሳየ አላውቅም። «ካፖርቱ» በ1842 የታተመ አጭር ታሪክ ነው። ባለታሪኩ አካኪ አካኪየቪች ይባላል። መሥሪያ ቤት ተቀምጦ ጽሑፍ ይገለብጣል። ሌላ ሥራ አያውቅም፣ አይፈልግምም። ደመወዙ በዓመት 400 ሩብል ነው። ካፖርቱ ትከሻውና ጀርባው ላይ ሳስቶ አልቋል። ልብስ ሰፊው ፔትሮቪች አገላብጦ ያየውና «ይህ አይጠገንም» ይለዋል። አዲስ ማሰፋት አለበት። ተከራክረው ዋጋው 80 ሩብል ላይ ይቆማል።

አሁን ሒሳቡን ተመልከቱ። አካኪ የማታ ሻይ ይተዋል። ማታ ሻማ አያበራም፤ ሥራ ካለው አከራዩ ክፍል ሄዶ በእሷ መብራት ይሠራል። መንገድ ላይ የጫማው ሶል እንዳያልቅ በጣቶቹ ጫፍ ሊሄድ ይደርሳል። ለኮሌታው የሚሆነው ጥሩ ጸጉር ውድ ስለሆነ የድመት ይገዛሉ፤ ከሩቅ ሲያዩት ጥሩውን ይመስላል ተብሎ። የወር ደመወዙን በጣቱ የቆጠረ ሰው ይህን ሲያነብ መጀመሪያ ይስቃል። ከዚያ ሳቁ ይቆማል። ከተማው ሞቃት ቢሆን ኖሮ ይህ ሰው ታሪክ አይኖረውም ነበር፤ አሮጌ ካፖርቱን ለብሶ ጡረታ ይወጣል፣ አለቀ።

[ምስል፦ ፈረስና ተንሸራታች ጋሪ። ዙሪያው ምንም የማይታይ ነጭ።]

አሁን ከሁሉም ወደማስቀድመው ልምጣ። የሌቭ ቶልስቶይ «ጌታና ሎሌ»፣ 1895። ቀጭን ነው፣ በአንድ ምሽት ያልቃል።

ቫሲሊ አንድሬይች ነጋዴ ነው። የደብሩ ገንዘብም በእጁ ነው። የራሱን 700 ሩብል ከደብሩ 2300 ሩብል ጋር ይቀላቅልና ደን ለመግዛት ይነሣል። ሌሎች ነጋዴዎች ሳይቀድሙት መድረስ አለበት። ውጭ ነፋስና በረዶ ነው። ሚስቱ ብቻህን አትሄድም ብላ ሎሌውን ኒኪታን ታስከትለዋለች። ጌታው ሁለት ካፖርት ደርቧል። ሎሌው የተቀዳደደ የበግ ቆዳ ነው የለበሰው። ቶልስቶይ ይህን የሚነግራችሁ ለሽርሽር እንዳይመስላችሁ፤ ታሪኩ ሲያልቅ ማን ምን እንደለበሰ ትልቁ ጉዳይ ይሆናል።

መንገድ ይጠፋቸዋል። ሲደናበሩ ግሪሽኪኖ የምትባል መንደር ይገባሉ። አቅጣጫ ጠይቀው ይወጣሉ፣ እንደገና ይጠፋቸዋል፣ ፈረሱ መልሶ እዚያው ግሪሽኪኖ ያገባቸዋል። እዚህ ላይ አንድ ነገር እንድታዩ እፈልጋለሁ። መንደሩ ጠርዝ ላይ ልብስ ተሰጥቷል። ቀይ ሸሚዝ፣ ነጭ ሸሚዝ፣ ሱሪ፣ ጉርድ ቀሚስ። ሁሉም በብርድ ደርቆ ድርቅ ብሏል። ነጩ ሸሚዝ እጅጌውን እያወናጨፈ ከነፋሱ ጋር ይታገላል። በኋላ ስናየው ደግሞ ተነቅሎ በአንድ እጅጌው ብቻ ተንጠልጥሏል። ቶልስቶይ «ተጠንቀቁ፣ አውሎው ብሷል» የሚል አንድ ቃል አይጨምርም። ሸሚዙን ያሳያችኋል፣ ሆዳችሁ ይሸበራል።

ሁለተኛው ጊዜ ላይ አንድ ደህና ገበሬ ቤት ይገባሉ። ሻይ አለ፣ ቮድካ አለ፣ ምድጃ አለ። እደሩ ይባላሉ። እኛ አገር ቢሆን ፈረሱን ፈትተው፣ ጋሪውን ደብቀው ያሳድሯቸው ነበር። ነጋዴው ግን እምቢ ይላል። ሥራ አለው። ደኑ ሊያመልጠው ነው።

ከዚያ ጨለማ። ሜዳው ላይ ይቆማሉ። ሌሊት ነጋዴው ሎሌውን ትቶ ፈረሱ ላይ ይወጣና ብቻውን ሊያመልጥ ይነሣል። ከፊቱ ጥቁር ነገር ይታየዋል። መንደር ነው ብሎ ይጋልባል። ሲደርስ ነፋስ የሚያወዛውዘው ረጅም ደረቅ አረም ነው። ይቀጥላል፣ ይጋልባል፣ እንደገና ጥቁር ነገር። ደረሰበት። ያው አረም ነው። ከጎኑ የፈረስ ኮቴ አለ፣ የራሱ ፈረስ ኮቴ። ክብ እየዞረ ነበር ማለት ነው።

ቀጥሎ ምን እንደሚያደርግ አልነግራችሁም። መጽሐፉ የተጻፈው ለዚያች ሰዓት ነው። ግን ልብ በሉ፦ በጠራ ቀን ይህ ሰው ደኑን ይገዛል፣ ያተርፋል፣ ቤቱ ይገባል። ስለ ራሱም ምንም ሳያውቅ ይሞታል። መንገዱን የዘጋበት ብርዱ ነው፤ መንገዱ ሲዘጋ ነው ሌላ ሰው የታየው።

[ምስል፦ ባዶ የባቡር ሐዲድ፣ በበረዶ የተቀበረ።]

መንገድ መዘጋት ሲነሣ የላውራ ኢንጋልስ ዋይልደር «ረጅሙ ክረምት» አለ፣ 1940። ለልጆች ነው የተጻፈው፤ እኔ ለትልልቅ ሰዎችም እሰጠዋለሁ። ደራሲዋ በልጅነቷ የኖረችበትን የ1880 እና 1881 ብርድ ነው የምትተርከው፣ ዲ ስሜት በምትባል የዳኮታ ከተማ። ባቡር ይቆማል። ከሰል ያልቃል። ቤተሰቡ ደረቅ ሣር እየገመደ ያነዳል። ዱቄት የለም፣ ስንዴ ግን አለ። በምን ይፈጭ? በቡና መፍጫ። ያቺ ትንሿ የእጅ መፍጫ ቀኑን ሙሉ ከእጅ ወደ እጅ ትዞራለች። አንዱ ሲደክመው ሌላው ይቀበላል። ምሽቱም ቀኑም የመፍጫ ድምፅ ነው። የገና ዕቃ የያዘው በርሜል የሚደርሳቸው ግንቦት ላይ ባቡሩ ሲመጣ ነው።

ወላጆች አንድ ነገር ልብ በሉ። የዚህች ሴት መጻሕፍት የአሜሪካን ቀደምት ሕዝቦች የሚያሳዩበት መንገድ ብዙ ወቀሳ አለበት። በ2018 የአሜሪካ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች ማኅበር በስሟ ይሰጥ የነበረውን ሽልማት ስሙን የቀየረው በዚሁ ምክንያት ነው። ለልጅ ስታነቡ ቆም ብላችሁ አስረዱ።

መደብር ውስጥ ቆማችሁ መጽሐፉን እንዴት ትፈትኑታላችሁ? የመጀመሪያዎቹን ሃያ ገጾች ገለጥ ገለጥ አድርጉ። ሰዎቹ እግራቸው ላይ ምን አድርገዋል? የሚነድ ነገር ከየት ያመጣሉ? ዳቦው የት ነው የተቀመጠው? ብርድን የሚያውቅ ደራሲ እነዚህን አይዘልም። «ነጭ ብናኝ በፀጥታ ይወርዳል» እያለ ሦስት ገጽ የሚሄድብህን ደራሲ እኔ አላምነውም።

የአሌክሳንደር ሶልዠኒትሲን «በኢቫን ዴኒሶቪች ሕይወት አንድ ቀን» ይህን ፈተና በመጀመሪያዎቹ ገጾች ያልፋል። የወጣው በ1962 ነው። የሶቪየት የግዳጅ ሥራ እስር ቤት፣ ጥር ወር፣ አንድ ቀን ብቻ። ጠዋት ቴርሞሜትሩ ከዜሮ በታች 27 ተኩል ያሳያል። 41 ቢያሳይ እስረኞቹ ለሥራ አይወጡም ነበር። ባለታሪኩ ሹኮቭ፣ ኢቫን ዴኒሶቪች ማለት እሱ ነው፣ የዳቦውን ግማሽ ፍራሹ ውስጥ ደብቆ ቀዳዳውን ይሰፋዋል። ከዚያ ሥራ ይወጣሉ፣ ግንብ ይገነባሉ። ሲሚንቶው ሳይረጋ ብሎኬቱ መቀመጥ ስላለበት ሰውየው ይሮጣል። ሲሮጥ ደግሞ ሥራው ደስ ይለዋል! እስረኛ ነው፣ ለማን እንደሚገነባ አያውቅም፣ ግን ግድግዳው ቀጥ ብሎ ሲወጣ ያስደስተዋል። ያን ደስታ ያመጣው የሚረጋው ሲሚንቶ ነው።

የጃክ ለንደን «እሳት ለማንደድ»ስ? የታወቀው ቅጂ የ1908ቱ ነው። አንድ ሰው፣ አንድ ውሻ፣ ዩኮን የምትባለው የሰሜን ካናዳ ግዛት፣ ወደ 60 ዲግሪ የሚጠጋ ከዜሮ በታች። እሳቱን ዛፍ ሥር ያነድዳል፤ ቅርንጫፉ ላይ ያለው በረዶ ወርዶ ያጠፋበታል። ከዚያ ጣቶቹ ክብሪት መያዝ ያቅታቸዋል። በግማሽ ሰዓት ያልቃል። ማታ ከመተኛታችሁ በፊት አይሁን።

[ምስል፦ የባቡር መስኮት፣ የሴት ፊት ነጸብራቅ።]

እስካሁን ያነሣኋቸው ሁሉ ብርድ የሚገርፍባቸው ናቸው። የያሱናሪ ካዋባታ «የበረዶ አገር» ከዚህ ይለያል። ባቡሩ ከረጅም ዋሻ ይወጣል፣ ማዶ ሌላ ዓለም ነው፣ ነጭ። ሺማሙራ የሚባለው ሰው በመስኮቱ መስታወት ላይ የአንዲት ልጅ ፊት ያያል። ከፊቷ ኋላ የሚመሸው ተራራ ያልፋል። ተራራው ላይ ያለ መብራት ዓይኗ ላይ ያርፋል። እዚህ በረዶው የሚሠራው ሥራ መለየት ነው። ቶኪዮ ሚስት ያለው ሰው ዋሻውን ሲያልፍ ምንም የማይጠየቅበት አገር የገባ ይመስለዋል። መምሰሉ ነው እንግዲህ ጣጣው። ሴራ ለሚፈልግ አንባቢ አልመክረውም፤ ምንም አልተፈጠረም ብሎ ይናደድብኛል።

ከአገሩ ርቆ ለሚኖር ሰው ደግሞ የኦርሃን ፓሙክ «በረዶ»፣ 2002። ካ የሚባል ገጣሚ ፍራንክፈርት በስደት ኖሮ ወደ ቱርክ ይመለሳል፣ ካርስ ወደምትባል የድንበር ከተማ ይሄዳል። በረዶው መንገዶቹን ሁሉ ይዘጋል። ከተማዋ ሦስት ቀን ተቆልፋ ሳለ የቴአትር ቡድን መፈንቅለ መንግሥት ያካሂዳል። ነገሩ አጃኢብ ነው። ካ ደግሞ ያን ፍራንክፈርት የገዛውን ወፍራም ካፖርት ለብሶ ይዞራል፤ ማንም አይቶ ከውጭ የመጣ መሆኑን ያውቃል። ለሥራ ወይም ለበዓል አገር ቤት ደርሶ የተመለሰ ሰው ይህን ካፖርት ያውቀዋል።

የዲናው መንግሥቱን የ2007 ልብ ወለድ «ዘ ቢዩቲፉል ቲንግስ ዛት ሄቨን ቤርስ» እዚህ ማንሣት አለብኝ፣ የበረዶ መጽሐፍ ስለሆነ ሳይሆን ውስጡ ስላለው ንባብ። ከቀይ ሽብር የሸሸ ኢትዮጵያዊ ዋሽንግተን ውስጥ ሎጋን ሰርክል አካባቢ ሱቅ አለው። በብርዱ ሰሞን ከጎረቤቱ ልጅ ከናኦሚ ጋር ሱቁ ውስጥ ቁጭ ብለው ዶስቶየቭስኪን ያነባሉ። ደንበኛ የለም፣ ልጅቷ አለች፣ ወፍራም መጽሐፍ አለ። ለእኔ ከመጽሐፉ ሁሉ ደስ የሚሉ ገጾች ናቸው።

አሁን ማን ምን ያንብብ? የምትኖሩበት ቦታ ይወስናል። ስቶክሆልም ወይም ሚኒያፖሊስ ያላችሁ፣ ከሥራ ስትወጡ ጨለማ የሚጠብቃችሁ፣ በጃክ ለንደን አትጀምሩ። ከድጡ ወደ ማጡ ነው። በዋይልደር ጀምሩ፣ እዚያ ቢያንስ ብዙ ሰው አንድ ምድጃ ዙሪያ አለ። ዱባይና ሪያድ ያላችሁ የፈለጋችሁትን ጨካኝ ምረጡ፤ ኤሲውን አጥፍታችሁም ቢሆን ይበርዳችኋል። አዲስ አበባ ያላችሁ ጥቅምትን አትጠብቁ። ሐምሌ ላይ ትምህርት ተዘግቶ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ጋቢ ደርቦ ቶልስቶይን ማንበብ ምን ይወጣለታል!

መጻሕፍቱን ስለማግኘት፦ ጎጎል፣ ቶልስቶይና ጃክ ለንደን የቅጂ መብታቸው ስላለቀ በእንግሊዝኛ በነፃ ከኢንተርኔት ይወርዳሉ። በደርግ ዘመን የሩሲያ ሥራዎች ወደ አማርኛ በብዛት ተተርጉመዋልና ብሔራዊ ቴአትርና ለገሃር አካባቢ ያሉትን አሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ጠይቁ። ርእስ ባታውቁ የደራሲውን ስም ንገሯቸው፤ ክምሩን ከማንም በላይ ያውቁታል።

ትንንሽ ልጆች ላሏችሁ የቶቬ ያንሶን የሙሚን መጽሐፍ አለ፣ ብርዱ ላይ የተጻፈው፣ 1957። ሙሚኖች ጉማሬ የሚመስሉ የተረት ፍጡራን ናቸው፤ በረዶው ሲመጣ ሆዳቸውን በጥድ ቅጠል ሞልተው እስከ ጸደይ ይተኛሉ። አንድ ሌሊት የሙሚኖቹ ልጅ ብቻውን ይነቃል። እናቱን ይጠራታል፣ አትነቃም። ውጭ ፀሐይ የለችም፣ አይቶት የማያውቅ ነጭ ነገር መሬቱን ሸፍኗል። መጀመሪያ ይናደዳል እንጂ አይደነቅም፤ ልክ አዲስ አገር የገባ ልጅ። ከስድስትና ሰባት ዓመት ጀምሮ ይሆናል። ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው፣ በየምሽቱ አንድ ምዕራፍ። እናቱ የማትነቃበት ቦታ ላይ ግን አታቁሙ፣ ልጆቹ አይተኙላችሁም።