«የሱን ነገር ደግሞ አንተ ንገረኝ» – የሙግት ድርሰት እንዴት ይጻፋል?

እንዴት ናችሁ? እንዴት ሰነበታችሁ? ከጀርባዬ ያለው መስኮት ነጭ ሆኖ ከታያችሁ ካሜራው አልተበላሸም። ጉም ነው። የጦሳ ተራራ ዛሬም ጋቢውን አላወለቀም። የደሴ ልጆች ታውቁታላችሁ።

ዛሬ አርጊውመንታቲቭ ኢሴይ ነው የምናወራው። የሙግት ድርሰት በሉት። ያውም ተራው ሳይሆን በጥናት የሚደገፈው። ምንጭ የሚጠቀስበት፣ ሪፈረንስ የሚደረደርበት፣ መምህሩ «ከአምስት ምንጭ በታች አልቀበልም» ብሎ ክፍሉን ለቆ የሚወጣበት። ይሄ አሳይመንት ሲሰጣችሁ መጀመሪያ የምታደርጉትን አውቃለሁ። ዶርም ገብታችሁ «ማን ሠርቷል?» ነው። አልፈርድባችሁም፤ እኔም ብያለሁ።

እስቲ ድርሰቱን ትቼ ስለ አንድ ድንጋይ ልንገራችሁ።

ልጅ ሆኜ ክረምት ክረምት አያቴ ዘንድ እሄድ ነበር። ተሁለደሬ፣ ገጠር። አንዱን ክረምት ስደርስ አያቴና ጎረቤታቸው ተኳርፈው ጠበቁኝ። ነገሩ ድንበር ነው። የድንበሩ ድንጋይ ከቦታው ተነሥቷል፤ አያቴ «ገፋኝ» ይላሉ፣ ጎረቤትየው «አልገፋሁም» ይላሉ። እንዲህ እንዲህ እያለ ነገሩ አበጋር ዘንድ ደረሰ።

የወሎ ልጆች አበጋር ምን እንደሆነ አላስረዳችሁም። ለሌሎቻችሁ፦ አስታራቂ ነው። ደም የተቃባ ሰው እንኳ እሱ ፊት ይቀመጣል። እንግዲህ ዋርካው ሥር ተቀምጠናል። ዱአው ተደርጓል፣ ቡናው እየተፈላ ነው፣ የኔ ሥራ ጭራሮ ማቀበል ነው። አያቴ ተነሡ። ተናገሩ፣ ተናገሩ፣ ተናገሩ። «መሬቴን በላው» አሉ። «ትናንትም ልማዱ ነው» አሉ። «አባቱም እንዲሁ ነበር» አሉ። ልብ በሉ፣ የሰውየው አባት ከሞቱ ስንት ዓመታቸው።

አበጋሩ አገጫቸውን ከዘራቸው ላይ አስደግፈው ሰሙ።

«ጨረስክ?»

«ጨረስኩ።»

«ደግ። አሁን የሱን ነገር ደግሞ አንተ ንገረኝ።»

አያቴ ግራ ገባቸው። «የሱን?»

«የሱን። እሱ ቢነሣ ምን ይለኛል? በሱ ቦታ ቆመህ ተናገርለት። ካሳነስክበት እዚሁ አለልህ፣ ያርምሃል።»

አያቴ ዝም አሉ። ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ ጀመሩ፤ «እሱማ... መሬቱ የኔ ነው ነው የሚለው...»

ጎረቤትየው ከተቀመጡበት ብድግ! «እንደሱ መች አልኩ?»

«አላልክም?»

«ወላሂ አላልኩም!»

ሦስት ጊዜ ነው የታረሙት። ሦስት ጊዜ! ከዚያ በኋላ የሆነውን ቪዲዮው መጨረሻ ላይ ነው የምነግራችሁ። አዎ፣ ሆን ብዬ ነው። ዩቲዩብ ነው እንዲህ ያበላሸኝ።

ለምን ነገርኳችሁ? የሙግት ድርሰት እሱ ስለሆነ ነው። እኔ ይህንን ኮርስ ስማር የሙግት ድርሰት ማለት ጮክ ብሎ መጻፍ ይመስለኝ ነበር። «በፍጹም»፣ «ያለ ጥርጥር»፣ «ማንም ሊክደው የማይችል ሐቅ»... እንደዚህ ያለ ቃል ስደረድር የምረታ ይመስለኝ ነበር። የአያቴ የመጀመሪያ ንግግር ማለት ነው። አንባቢያችሁ ግን አበጋሩ ነው። እሱ ድምፃችሁን አይደለም የሚመዝነው። የዚያኛውን ወገን ነገር ይዛችሁ መጥታችኋል ወይ? ሰውየው ቢሰማችሁ «አዎ፣ እንደሱ ነው ያልኩት» ይላል ወይ? ይሄን ነው የሚያየው። በሎጂክ ኮርስ ስትሮው ማን የተባለውን ታስታውሱ የለ? የገለባ ሰው ሠርቶ እሱን መጣል። የአያቴ «መሬቱ የኔ ነው ይላል» እሱ ነው። ያላሉትን አሏቸው።

«ይሄ የሽማግሌ ወግ ነው፣ ለዩኒቨርሲቲ ምን ያደርጋል?» የሚል አይጠፋም። እሺ፣ ከዩኒቨርሲቲ ላምጣ። ያውም ከዚሁ ከእኛው አገር ጉዳይ።

የ1966 ዓ.ም.ን ረሃብ ወሎ ውስጥ የማያውቅ ቤት የለም። አማርትያ ሰን የሚባል ሕንዳዊ ኢኮኖሚስት፣ በኋላ በ1998 እ.ኤ.አ. ኖቤል የተሸለመው፣ በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ስለዚህ ረሃብ ሙሉ ምዕራፍ ጽፏል። የብዙ ሰው አስተሳሰብ «ረሃብ የመጣው እህል ስለጠፋ ነው» የሚል ነበር። ሰን ይህን አላጣጣለም። ወሎ ውስጥ ምርት ክፉኛ መውደቁን አምኖ ይቀበላል። ከዚያ ነው የሚጠይቀው። እህል እንደዚያ ከጠፋ የደሴ ገበያ ዋጋ ለምን ሰማይ አልነካም? ዋጋው ከረሃቡ በፊት ከነበረው ብዙም አልራቀም ነበርና። «መንገድ ስለሌለ ነው እህል ያልገባው» የሚል ይመጣል። እሱንም ቀድሞ አስቦበታል። ከአዲስ አበባ አስመራ የሚሄደው ዋናው መንገድ በወሎ መሀል ነው የሚያልፈው። እንዲያውም በዚያው ሰሞን እህል ከወሎ ይወጣ ነበር። ስለዚህ ይላል፣ ሰው ያጣው እህሉን ብቻ ሳይሆን የሚገዛበትን አቅም ነው። ገበሬው ምርቱ ጠፋ፣ አርብቶ አደሩ ከብቱ አለቀ፤ በምን ይግዛ?

አያችሁ? ያኛው ወገን የሚለውን ሁሉ እሱ ራሱ ተናገረለት። «አዎ፣ ምርት ወድቋል» አለ። «መንገድ ነው ትሉኛላችሁ» አለ። ከዚያ መለሰ። ሰን ላይ ትችት የጻፉ ምሁራን አሉ፤ ይኑሩ። ግን ለመከራከር እንኳ እሱ የደረሰበት ድረስ መሄድ ግድ ሆነባቸው።

በሉ አሁን ቶሎ ቶሎ። መሠረቱን ታውቁታላችሁ ብዬ ነው።

ርዕስ። ሁለት ጤነኛ ሰው የሚከራከርበት ይሁን። «ትምህርት ጠቃሚ ነው» ብላችሁ ማንን ልትረቱ ነው? ቴሲስ፣ የምትሟገቱለት ዋና ሐሳብ ማለት ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር፣ መግቢያው መጨረሻ ላይ። «ባሕር ዛፍ ጎጂ ነው» ቴሲስ አይደለም፤ ኩርፊያ ነው። «በደቡብ ወሎ ደጋ ባሕር ዛፍ ከምንጭና ከወንዝ ዳር ሊርቅ ይገባል እንጂ ፈጽሞ ሊከለከል አይገባም» ካላችሁ ግን ወሬ አለው። «ውሃ ይመጥጣል» የሚለውም «የገበሬ ባንክ ነው፣ ቆርጠኸው መልሶ ያቆጠቁጣል» የሚለውም መግቢያ አገኘ። አንቀጽ። አንዱ አንቀጽ አንድ ምክንያት፦ ምክንያቱ፣ ማስረጃው፣ ከዚያ «ይሄ ማስረጃ እኔን እንዴት ደገፈ» የሚለው የራሳችሁ ዓረፍተ ነገር። ይህን ሦስተኛውን ነው ሁላችሁም የምትዘሉት። ካውንተር አርጊውመንት፣ የተቃራኒው ወገን ክርክር፣ ፊት ላይም መጨረሻም መግባት ይችላል። ሳይቴሽን፣ የምንጭ አጠቃቀስ፦ ደንቡ ኤፒኤ ከሆነ የጸሐፊ ስምና ዓመት፣ ኤምኤልኤ ከሆነ ስምና ገጽ። መምህራችሁን ጠይቁ። አለቀ።

ምንጭ ፍለጋ ጎግል ስኮላር ግቡ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎችም ኢንተርኔት ላይ ይገኛሉ፤ ስለ ወሎ የተጻፈም አታጡም። አብስትራክቱን፣ አጭሩን ማጠቃለያ፣ ብቻ አንብባችሁ መጽሐፉን ያነበባችሁ አታስመስሉ። አዎ፣ አንተን ነው። «ቻትጂፒቲ ሪፈረንስ ሰጠኝ» የምትሉም፣ አንድ በአንድ ፈልጋችሁ ካላገኛችሁት አትጠቀሙ። ደራሲውም መጽሔቱም የሌለ ምንጭ ፈጥሮ ሊሰጣችሁ ይችላል። ያልተወለደ ምስክር ይዞ አበጋር ፊት መቅረብ ነው።

እሺ። እዚህ ላይ ላጠናቅቅ ነበር፤ ግን ባለፈው ቪዲዮ ሥር አንድ ኮሜንት አለ፤ ላይክ የጎረፈለት። እንቅልፍ ነሣኝ። እንዲህ ይላል፦ «ቃሉን ከቀየርኩት የራሴ ነው፤ ምንጭ መጥቀስ አያስፈልግም።»

ኧረ ጉድ! ኧረ በአላህ፣ ኧረ በማርያም!

ስሙኝ። ባቲ የሚባለውን ቅኝት ታውቃላችሁ። በዚሁ በወሎ ባለችው በባቲ ከተማ ስም የተጠራ። ክራር ላይ ተጫወተው፣ ማሲንቆ ላይ ተጫወተው፣ ኪቦርድ ላይ ተጫወተው፤ ባቲ ነው። መሣሪያ ስለቀየርክ «የኔ ቅኝት ነው» ትላለህ? ሐሳብም እንደዚያ ነው። ፓራፍሬዝ ማለት መሣሪያ መቀየር ነው። ዜማው የሰውየው ነው። ቃል በቃል ከወሰድክ ትምህርተ ጥቅስ ታደርጋለህ፤ በራስህ ቃል ካልከው ትምህርተ ጥቅሱ ይቀራል፤ ስሙ ግን አይቀርም። ስሙ በሁለቱም አለ። እንደገና ልበለው? ስሙ በሁለቱም አለ።

ደግሞ ሌላም ነገር አለ። ቃል ስትቀይር ሐሳቡንም ልትቀይረው ትችላለህ። ከደሴ ወደ ወልድያ ስትሄድ ውጫሌን ታልፋለህ አይደል? እዚያ አካባቢ፣ ይስማ ንጉሥ ላይ፣ በ1881 ዓ.ም. ከጣሊያን ጋር ውል ተፈረመ። አንቀጽ 17። የአማርኛው ቅጂ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች የአውሮፓ መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በጣሊያን መንግሥት መጠቀም ይቻላቸዋል ይላል፤ ቢፈልጉ ማለት ነው። የጣሊያንኛው ግን ተስማምተዋል ይላል፤ ግዴታ ሆነ። የአንድ ግሥ ጉዳይ ነው። ጣሊያን በዚያች ግሥ ኢትዮጵያ ጥገኛዬ ናት አለ፤ ነገሩ በ1888 ዓ.ም. አድዋ ደረሰ። እናንተ ደግሞ «ሊያስከትል ይችላል» የሚለውን ጥናት «ያስከትላል» ብላችሁ ትጽፋላችሁ! በቀይ እስክሪብቶ ብቻ ማለፋችሁ ዕድል ነው። ስለዚህ ፓራፍሬዝ ካደረጋችሁ በኋላ ዋናውን ገጽ መልሳችሁ ክፈቱና ጎን ለጎን አስተያዩ።

ከኮሜንቱ ሳንወጣ ሁለት የእኛ አገር ጣጣ።

አንደኛ፣ ስም። የኛ ሰው የቤተሰብ ስም የለውም። የታሪክ ምሁሩን ባሕሩ ዘውዴን በኤፒኤ ደንብ ስማቸውን ገልብጣችሁ፣ የአባታቸውን አስቀድማችሁ «ዘውዴ» ካላችሁ፣ መጽሐፉን የጻፉት አባታቸው ሊሆኑ ነው። የኢትዮጵያ ጥናት ሰዎች ኢትዮጵያዊ ደራሲን በራሱ ስም ጀምረው ሳይገለብጡ ነው የሚጽፉት። እኔም እሱን ነው የምደግፈው። መምህራችሁ «ገልብጥ» ካለ ገልብጡ፤ ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ዓይነት አድርጉት።

ሁለተኛ፣ ዘመን። ይህ በራሴ የደረሰ ነው። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሆኜ በእንግሊዝኛ በጻፍኩት ድርሰት ውስጥ የወሎን ረሃብ «1966» ብዬ አስቀመጥኩ። በኛ አቆጣጠር መሆኑን አልጻፍኩም። ወረቀቴ ሲመለስ ጠርዙ ላይ በቀይ «ረሃቡን በሰባት ዓመት አስቀደምከው» የሚል አገኘሁ። የባሰው ደግሞ፣ በፈረንጆቹ 1966 አካባቢም ወሎ ውስጥ ረሃብ ነበር። ያላወቀ አንባቢ ስለዚያኛው የጻፍኩ ይመስለዋል። ዓ.ም. ወይ እ.ኤ.አ.፤ ሁለት ሦስት ፊደል ናት፣ አትሰስቷት።

[ስክሪን ላይ፦ የድንጋይ ሥዕል። አዎ፣ እኔ ነኝ የሣልኩት። አትሳቁ።]

ወደ ድንጋዩ እንመለስ። ቃሌን እጠብቃለሁ።

አያቴ በአራተኛው ሙከራ እንዲህ አሉ፤ «እሱ የሚለው ድንጋዩን እኔ አልገፋሁም፤ ጎርፍ ነው አንከባሎ ያወረደው፤ እኔ ጠዋት ወድቆ አግኝቼ በግምት መልሼ አቆምኩት ነው።» ጎረቤትየው አንገታቸውን ነቀነቁ። «አዎ። እንደሱ ነው ያልኩት።»

አያቴ ሊቀጥሉ አፋቸውን ከፈቱና ቆሙ። ቆሙ። «እውነትም» አሉ ቀስ ብለው፣ «የዚያን ሰሞን ጎርፍ የኔንም አጥር ወስዶታል።»

ማንም አልተናገረም። ጀበናው ብቻ ነው የሚንተከተከው።

«አበጋር» አሉ አያቴ፣ «ገፋኝ ያልኩትን አንሥቻለሁ። ድንጋዩ ግን ቦታው እዚያ አይደለም።»

ጎረቤትየው ትንሽ አሰቡና «እሱስ ልክ ነው» አሉ።

ገመድ ይዘን ወረድን። አበጋሩ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ድሮ ድንጋዩ የተተከለበት ጉድጓድ ደለል ሞልቶት ተገኘ። ሦስት እርምጃ ነበር።

እናንተ ደግሞ ኮሜንት ላይ ርዕሳችሁን ጻፉና ከሥሩ የተቃራኒውን ወገን ነገር በሦስት ዓረፍተ ነገር ንገሩኝ። የናንተን አይደለም። የሱን። ያሳነሳችሁበትን አርማለሁ። ላይክ፣ ሼር፣ የቀረውን ታውቃላችሁ። ቡናዬ ቀዘቀዘ፤ ቶናው ሳያልፈኝ ልሂድ። ቻው!