የጨርቁን ጀርባ ማየት

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። ዛሬ እንግዳ የለኝም። ብቻዬን ስለሆንኩ ሐሳቤ ቢቅበዘበዝ የሚመልሰኝ ሰው የለም፤ ታገሡኝ።

በልደታ አካባቢ የሚያልፍ ሰው ልደታ መርካቶ የሚባለውን የገበያ ማዕከል ሳያየው አይቀርም። ግድግዳው ቀዳዳ በቀዳዳ ነው። ንድፉን ያወጣው ስፔናዊው አርክቴክት ሻቪየር ቪላልታ ሲሆን፣ የቀዳዳዎቹን አደራደር የወሰደው ከባህል ልብሳችን ጥለት ነው። ትንሹ ቅርጽ በትልቁ ውስጥ ይደገማል፤ ትልቁ ደግሞ ከእርሱ በሚበልጠው ውስጥ። ስለዚህ ሕንፃ ሲወራ ብዙ ጊዜ ወሬው እዚህ ላይ ያበቃል። "ሕንፃው ጥበብ ለብሷል" ይባላል፣ ይደነቃል፣ ይታለፋል።

እኔን የሳበኝ ግን ቀዳዳዎቹ የሚሠሩት ሥራ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የገበያ ማዕከል ሲባል ዙሪያውን መስታወት የለበሰ ሣጥን ማለት ሆኗል። ከሰዓት በኋላ የምዕራብ ፀሐይ መስታወቱን ሲያገኘው ባለ ሱቁ በላብ ይጠመቃል። ከዚያ ማቀዝቀዣ ይገጠማል፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ማቀዝቀዣው ጌጥ ሆኖ ይቀራል። ቪላልታ መስታወቱን ተወና የተበሳሳ የኮንክሪት ግድግዳ አቆመ። ብርሃን ተመጥኖ ይገባል፣ አየር ይመላለሳል፣ ሐሩሩ ደጅ ይቀራል። ጥለቱን ከዚያ ግድግዳ ላይ ብታነሡት ሕንፃው የሚያጣው መልኩን ብቻ አይደለም፤ መተንፈሻውን ነው።

እናቴ ሽሮ ሜዳ ልብስ ልትገዛ ስትወርድ የነጠላውን ፊት ለማየት አትቸኩልም። ጥለቱን ገልብጣ ጀርባውን ታያለች። በእጅ የተሠራ ጥበብ ጨርቁ ከተጠናቀቀ በኋላ የሚጨመር ነገር አይደለም። ሸማኔው ማጉን ባስገባ ቁጥር ባለ ቀለሙን ክር በጣቱ እየለየ በድሩ መካከል ያሳልፋል፤ ጨርቁና ጥለቱ እኩል ያድጋሉ። ስለዚህ ጀርባው ላይ የክሩ መንገድ ይታያል። ከውጭ አገር ፋብሪካ የሚመጣው የታተመ ጥለት ግን ሲገለበጥ ገርጥቶ ይገኛል። እናቴ አንድ ቃል ሳትናገር አጥፋ ትመልሰዋለች። (የታተመውን የሚገዛ ሰው ላይ አልፈርድም። አሥር ሚዜ የሚያለብስ ሰው ኪሱን ያውቃል።)

ይህን የእናቴን ዘዴ ለሕንፃ መጠቀም ከጀመርኩ ቆየሁ። ሙያዬ የሕንፃ ንድፍ ስለሆነ ሰው ወደ እኔ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ጥለት ይዞ ነው። በቅርቡም አንድ ደንበኛዬ ለሚያስገነቡት አነስተኛ ሆቴል "ባህላችንን የሚያሳይ ይሁን፤ መስታወቱ ላይ ከላይ እስከ ታች ጥለት አስለጥፊልኝ" አሉኝ። በትሕትና "አስቤበት ልመለስ" አልኳቸው። ሳስብ የሰነበትኩት ስለዚህ ነው። የልብስ ንድፍ ግድግዳ ላይ፣ የአትክልት ቦታ ልብስ ላይ፣ ልብስ ደግሞ አትክልት ቦታ ላይ ሲወጣ መቼ ነው ነገሩ የሚጸናው? መቼስ ነው ተለጥፎ የሚቀረው?

ልማዱ አዲስ አይደለም። በፈረንሳይ የንጉሥ ሄንሪ አራተኛ ጥልፍ ጠላፊ የነበረው ፒየር ቫሌ፣ እ.ኤ.አ. በ1608 የአበባ ሥዕሎች መጽሐፍ አሳትሞ ነበር። አበቦቹን የሣለው ዣን ሮባን የተባለው የንጉሡ አትክልተኛ ካለማቸው ነው፤ ሥዕሎቹም ለጥልፍ ባለሙያዎች አርአያ እንዲሆኑ የታሰቡ ነበሩ። ከሩቅ አገር የመጣ አበባ መጀመሪያ አትክልት ቦታ ላይ በቀለ፣ ከዚያ በመኳንንቱ ቀሚስ ላይ ተጠለፈ ማለት ነው። በዚያው ዘመን አትክልተኞቹ በተራቸው ከጥልፍ ቀዱ። አጭር ቁጥቋጦ እየከረከሙ፣ መካከሉን ባለ ቀለም አሸዋና ጠጠር እየሞሉ፣ ሜዳውን ጥልፍ አስመሰሉት። የአትክልት ቦታ ንድፍ ባለሙያው አንድሬ ለ ኖትር፣ ቮ ለ ቪኮንት በሚባለው የፈረንሳይ ቤተ መንግሥት የሠራው የዚህ ዓይነት ነው። ዲዛይኑ ሙሉ ሆኖ የሚታየው ግን ከላይ፣ ከቤተ መንግሥቱ ፎቅ መስኮት ነው። መሬት ላይ ቆሞ የሚከረክመው ሰው ቁጥቋጦ እንጂ ጥልፍ አያይም። ብዙዎች የሚያደንቁት ሥራ ነው፤ እኔ ግን አልወደውም። መሬቱ ምንጣፍ ሆኖ እንዲነጠፍ ታዘዘ እንጂ ከጨርቁ ምንም አልተማረም።

ሞሮኮ ውስጥ ባለችው ማራኬሽ ላይ ግን እጅ እሰጣለሁ። ዣክ ማዦሬል የተባለ ፈረንሳዊ ሠዓሊ እ.ኤ.አ. በ1923 እዚያ መሬት ገዝቶ አትክልት ማልማት ጀመረ። በ1931 ፖል ሲኗር የተባለ አርክቴክት ማዕዘኑ የጠራ የሥራ ቤት ሠራለት። በኋላ ማዦሬል ግድግዳውን ዛሬ በስሙ በሚጠራው ደማቅ ሰማያዊ ቀባው። ልብ በሉ፣ ይህ ሰማያዊ ብቻውን ቢሆን ዓይን ይወጋል። ከፊቱ አረንጓዴ ቁልቋል፣ ዘንባባና ቀርከሃ ስለቆመ ግን ግድግዳው ለተክሉ ጀርባ ይሆነዋል፤ ተክሉም ቀለሙን ያበርድለታል። የሠዓሊ ዓይን ያለው ሰው ከግድግዳና ከቅጠል የሠራው ሥዕል ነው።

ማዦሬል እ.ኤ.አ. በ1962 ሞተ፤ ቦታውም እየተጎሳቆለ ሄደ። በ1980 ሆቴል ሊሠራበት ሲታሰብ የፋሽን ዲዛይነሩ ኢቭ ሳን ሎራንና አጋሩ ፒየር ቤርዤ ገዝተው አዳኑት። ሳን ሎራን አልጄሪያ ውስጥ ኦራን የተወለደ ሰው ነው፤ ማራኬሽን ከማየቱ በፊት ሁሉም ነገር ለእርሱ ጥቁር እንደነበር ራሱ ተናግሯል። እኛ አዲስ አበባ በየአጥሩ የምናውቀው ቡገንቪሊያ በዚያ አትክልት ውስጥ ሞልቷል፤ ሳን ሎራን እ.ኤ.አ. በ1989 ስብስቡ ያንን አበባ ካባ ላይ አስጠለፈው። ካባውን በፎቶግራፍ ነው ያየሁት። አበባ ያለበት ልብስ አይመስልም፤ ሴትዮዋ በአጥሩ በኩል ስታልፍ አጥሩ አብሯት የተነሣ ይመስላል።

ከዚያ ደግሞ ልብሱ ተመልሶ ሕንፃ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2017 ከአትክልቱ አጠገብ የሳን ሎራን ሙዚየም ተከፈተ። ስቱዲዮ ኮ የተባለው የአርክቴክቶች ቢሮ የውጭውን ግድግዳ በሸክላ ጡብ የሠራው ጡቦቹ እየወጡና እየገቡ ድርና ማግ እንዲመስሉ አድርጎ ነው። ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ "ተለጥፏል" ብዬ አልፈው ነበር። ግን ወደ ውስጥ ስትገቡ ግድግዳው ይለሰልሳል፤ አርክቴክቶቹ ያሰቡት የኮት ገበርን ነው። ጥሩ ኮት ውጭው ሻካራ ሱፍ፣ ውስጡ ገላ የማይቆረቁር ሐር ነው። ውስጥ ያለው የከበረ ልብስ ደግሞ ብርሃን የሚያበላሸው ስለሆነ ሕንፃው ደፈን ማለት አለበት። ልደታ ላይ ጥለቱ በቀዳዳ ይሠራል፣ ማራኬሽ ላይ ያለ ቀዳዳ። ሁለቱም ቢገለበጡ የሚያሳፍር ጀርባ የላቸውም።

እንዲህም ሆኖ እነዚህ ሁሉ የአርክቴክትና የዲዛይነር ታሪኮች ናቸው። አንዱ ከሌላው አይቶ ወሰደ። ማንም ከማንም ሳይወስድ ሕንፃ፣ ልብስና አትክልት ሦስቱም አንድ ላይ የሚኖሩበትን ቦታ ሳስብ ልቤ የሚሄደው ወደ ዶርዜ ነው።

ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ ስትወጡ ከአባያና ከጫሞ ሐይቆች ሙቀት ተነሥታችሁ ወደ ጭጋግ ትገባላችሁ። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር ያለፈ ደጋ ነው፤ ብርዱ አይቀለድበትም። የዶርዜ ቤት የሚሠራው እዚያው ከሚበቅለው ቀርከሃ ነው። ቀርከሃው ተሰንጥቆ እንደ ጨርቅ አንዱ በላይ አንዱ በታች እየተጠለፈ ይሸመናል፤ ከውጭ ደግሞ በቀርከሃ ሽፋንና በእንሰት ቅጠል ይከደናል። አዲስ ሲሆን ቁመቱ እስከ 12 ሜትር ይደርሳል ይባላል። ከፊት ለፊቱ ወጣ ያለ አፍንጫ የመሰለ መግቢያ አለው፣ ከላዩም እንደ ዓይን ሁለት ክፍተት። የአገሬው ሰው ቅርጹ የዝሆን ነው፤ ድሮ እዚህ ዝሆን ነበር ይላል።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ቤቱ የሚያረጅበት መንገድ ነው። ምስጥ ከሥር ይበላዋል። የተበላው ሲቆረጥ ቤቱ ዝቅ ይላል፤ ከዓመታት በኋላ እንደገና ይበላል፣ እንደገና ይቆረጣል። ስለዚህ አጭር ቤት ካያችሁ ድሃ ቤት እንዳይመስላችሁ፣ አሮጌ ነው። ቦታ መቀየር ካስፈለገ ደግሞ ሰው ተሰብስቦ ቤቱን እንዳለ አንሥቶ ይሸከመዋል። የተሸመነ ስለሆነ አይበተንም። እኔ በትምህርት ቤት የተማርኩት ሕንፃ መሠረት ላይ የሚቆም ነገር ነው። ይህኛው ግን ሲያረጅ ከሥሩ የሚያጥር፣ ሲያስፈልግ የሚነሣ ቤት ነው፤ ከሕንፃ ይልቅ ወደ ልብስ ይቀርባል።

ዙሪያው እንሰት ነው። የተለያየ ዕድሜ ያለው እንሰት ቤቱን ከብቦ ይቆማል። ቅርብ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከቤት የሚወጣው ፍግ በቀላሉ ይደርሰዋል። ሴቶቹ ግንዱን ይፍቃሉ፣ ጉድጓድ ውስጥ በቅጠሉ ጠቅልለው ያቦካሉ፣ ቆጮ ይሆናል። ከፋቁት የሚቀረው ቃጫ ገመድ ይወጣዋል። ቅጠሉ ጣሪያ ነው፣ መጠቅለያ ነው፣ ምጣድ ላይ ቆጮው የሚጋገርበት ነው። የአትክልት ስፍራ ዲዛይን ብለን በተናጠል የምናስተምረው ነገር እዚያ ጓሮ ይባላል፤ ውበቱም ከጥቅሙ ተነጥሎ አይታይም።

በዚያ ጓሮ ውስጥ ሸማኔው ተቀምጧል። እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ መርገጫውን ይጫናል፣ ድሩ ከፊቱ ተወጥሯል፣ መወርወሪያው ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል። የጨርቁ ወርድ የሚወሰነው እጁ በሚደርስበት ልክ ነው፤ ጋቢያችን ከሁለት ወርድ የሚሰፋው ስለዚህ ነው። ሴቶቹ በእንዝርት ይፈትላሉ። ዱንጉዛ የሚባለው ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ጨርቅ ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ በኮት ክሳድና በቦርሳ ላይ ሲወጣ እናየዋለን። ምንጩ እዚህ ነው።

እዚህ ላይ ራሴን ልግታ። "ሸማኔው ቤቱን አይቶ ጨርቅ መሥራት ተማረ" ማለት ያምረኛል፤ ግን ማንም አላየውም። ጥጡም ቢሆን ጨንቻ ላይ አይበቅልም፤ ከቆላ ነው የሚመጣው። የማውቀው አንድ ነገር ነው፤ ስንጥቁን ቀርከሃ ከላይ ከታች የሚያሳልፍ እጅና ማጉን በድሩ መካከል የሚያሳልፍ እጅ በአንድ ግቢ ውስጥ አድገዋል። ሁለቱም ጥለት ብለው አይጀምሩም። ከመጠላለፉ ጥለት ይወጣል።

ዶርዜን እንደ ቅርስ መንደር ብቻ ማየት ግን አልፈልግም። ቀርከሃ መሸመን ብዙ ሰውና ብዙ ቀን ይፈልጋል፣ ቆርቆሮ በአንድ ሳምንት ይመታል። በቆርቆሮ የሠራውን ሰው ተቆጥቼ የምናገርበት ምክንያት የለኝም፤ እኔ ራሴ የምኖረው በብሎኬት ቤት ነው። ብዙዎቹ ሸማኔዎችም ከዘመናት ጀምሮ ወደ አዲስ አበባ መጥተው ከእንጦጦ ሥር ሽሮ ሜዳ ሰፍረዋል። እናቴ ጀርባውን የምታየው ነጠላ ከጓሮው ተለይቶ በመጣ ሰው የተሠራ ነው፤ በቀርከሃው ፋንታ ቆርቆሮ፣ በእንሰቱ ፋንታ የጎረቤት አጥር ከቦት።

ደንበኛዬ ጋ በሁለት ወረቀት ተመለስኩ። በመጀመሪያው ላይ የሚለጠፍ ነገር የለም። ግድግዳው ጡብ ነው፤ ጡቦቹ ክፍተት እየተዉ ይደረደራሉ፣ የክፍተቶቹ አደራደር ጥለት ይሠራል። በምዕራብና በምሥራቅ በኩል ጥቅጥቅ አደረግሁት፣ ፀሐይዋ ዝቅ ብላ የምትገባው በእነዚያ ነው። በሰሜንና በደቡብ ሰፋ አደረግሁት፤ አዲስ አበባ ላይ ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ ድረስ ቀትር ላይ ፀሐይዋ በሰሜን በኩል ብትዞርም ከፍ ብላ ስለምትሄድ ትንሽ ጥላ ይበቃታል። ስለዚህ ጥለቱ በአራቱ ፊት አንድ ዓይነት አይደለም። "አራቱም ጎን አንድ ካልሆነ ያልጨረስነው አይመስልም ወይ?" አሉ። እንደ ቀሚስ ነው አልኳቸው፤ ደረቱ ላይ ያለው ጥለትና ጠርዙ ላይ ያለው አንድ ነው እንዴ? ሳቁና ተቀበሉ።

የተጣላነው በሁለተኛው ወረቀት ነው። ግቢው በሙሉ ሴራሚክ እንዲነጠፍ ነበር የፈለጉት። እኔ በምዕራቡ ግድግዳ በኩል አንድ መስመር አፈር አስቀርቼ እንሰት ሣልኩበት፤ ሰፊው ቅጠል ከጡቡ ክፍተት ጋር ተጋግዞ ጥላ እንዲሰጥ። ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት።

"እንሰት? ለሆቴል? ሰው ምን ይላል? ዘንባባ አድርጊው።"

ዘንባባ ጥላ አይጥልም አልኳቸው። እንሰት የገጠር ነው አሉኝ። ጡቡ ታዟል፣ አፈሩ ላይ እስካሁን አልተስማማንም፤ የፊታችን ሐሙስ ጨንቻ ላይ ያነሣኋቸውን ፎቶግራፎች ይዤ እሄዳለሁ። በሉ ደህና ሁኑ።