ጥናቱ ወደ ባለቤቶቹ ይመለስ

የተከበራችሁ መምህሮቻችን፣ ውድ የቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ማኅበራችን አባላት፣ ዘንድሮ የተመረቃችሁ እህት ወንድሞቻችን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ከክፍለ ሀገር ሌሊት ተነስታችሁ የገባችሁ አላችሁ። እግዜር ይስጥልን።

በእንዲህ ያለ ቀን ሊቀመንበር ቆሞ ቁጥር ማንበቡ የተለመደ ነው። ስንት ሰው ማስትሬት ያዘ፣ ስንት ጽሑፍ ጆርናል ላይ ወጣ፣ የማን ማዕረግ አደገ። ይህ ሁሉ በእጃችሁ ባለው ሪፖርት ውስጥ አለ። ረጋ ብላችሁ አንብቡት፣ ያኮራል። እኔ ዛሬ የማነሳው አንድ ነገር ነው። ተማሪዎቻችንና መምህሮቻችን ይህን ያህል ለፍተው የሠሩት ሥራ፣ ካለቀ በኋላ ማን እጅ ይገባል?

በአገራችን ከ80 በላይ ቋንቋዎች ይነገራሉ። የበርካቶቹን ሰዋስው የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የጻፈውን ቲሲስ፣ ማለትም የመመረቂያ ጥናት ነው። ውጭ አገር ያሉ ትልልቅ ተመራማሪዎች ሳይቀሩ እነዚህን ቲሲሶች ይጠቅሳሉ። ሃያ አምስት ዓመት ያልሞላው ልጅ የጻፈው ነገር የአንድ ቋንቋ ዋና ማስረጃ ይሆናል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሥራው እንዴት እንደሚሠራ ላላያችሁ ልንገራችሁ። ተማሪው ደብዳቤውን አጽፎ፣ መቅረጫውን ይዞ ገጠር ይወርዳል። አስተርጓሚ ይፈልጋል። ከአንድ አዛውንት ደጃፍ ቁጭ ብሎ «አባባ፣ በልጅነትዎ ሰርግ እንዴት ነበር?» ብሎ ይጠይቃል። አባባ ይተርካሉ። ዶሮ ይጮኻል፣ ሕፃን ያለቅሳል፣ ሁሉም አብሮ ይቀረፃል። ዋናው ሥራ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። አንዷ ዓረፍተ ነገር በሦስት መስመር ትጻፋለች። ላይኛው መስመር አባባ እንዳሉት ነው። በመካከለኛው መስመር ቃሉ ይፈታና እያንዳንዱ ቅጥያ ምን እንደሚሠራ ይጻፋል። ታች ትርጉሙ ይመጣል። የአንድ ደቂቃ ንግግር ሰዓታት ይበላል። ዶርም ውስጥ ማዳመጫ ጆሮው ላይ ሰክቶ፣ አናባቢዋ ረዝማለች ወይስ አጥራለች እያለ አንዷን ቃል ደግሞ ደጋግሞ የሚሰማ ተማሪ ካያችሁ፣ እሱ የኛ ልጅ ነው።

አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። በ1987ቱ የሕዝብ ቆጠራ ቅማንት ነን ያሉት ሰዎች ከ170 ሺህ በላይ ነበሩ። ቅማንትኛ አፋቸውን የፈቱበት ግን 1,700 እንኳ አልሞሉም። ፕሮፌሰር ዘለዓለም ልየው ይህን ቋንቋ ነበር የዶክትሬት ሥራቸው ያደረጉት። ሰዋስዉን ብቻ አልጻፉም። ሰው ከአያት ከቅድመ አያቱ ቋንቋ ወደ ሌላ እንዴት እንደሚሻገርም አብረው አጥንተዋል። ሥራው በ2003 እ.ኤ.አ. ጀርመን አገር፣ ኮሎኝ ታትሟል። እንዲህ ያለ ሥራ በጊዜው ካልተሠራ በኋላ ገንዘብም ፍላጎትም ቢኖር አይሠራም። የሚጠየቁት ሽማግሌዎች አይጠብቁንማ።

ሆኖም ቅማንቶች በሚኖሩበት ጭልጋ ያለች የሰባተኛ ክፍል ተማሪን አስቡ። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው፣ ለባለሙያ የተጻፈ ነው፣ ዋጋውም የሚቀመስ አይደለም። ከእንዲህ ዓይነቱ ጥናት ውስጥ ለሷ የሚሆኑ ጥቂት ገጾች ማውጣት የማን ሥራ ነው? ይህን ለአጥኚው ለብቻው መተው ተገቢ አይመስለኝም። እሳቸው የድርሻቸውን ሠርተዋል። ይህ የኛ የማኅበሩ ሥራ ነው።

ደግሞም አዲስ ነገር አልጠየቅሁም። የቀደሙት መምህሮቻችን አሳይተውናል። ዳኛቸው ወርቁ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ልብ ወለድ የጻፈ ሰው ነው። የእንግሊዝኛው ልብ ወለዱ በ1973 እ.ኤ.አ. ለንደን ታትሞለታል። በዚያ ዝና ብቻ አልቆመም። በ1977 ዓ.ም. ለማንኛውም ጀማሪ ጸሐፊ የሚሆን የጽሑፍ ጥበብ መመሪያ በአማርኛ አሳተመ። ዶ/ር አምሳሉ አክሊሉ ከሞስባክ ጋር ያዘጋጁት የእንግሊዝኛ አማርኛ መዝገበ ቃላት ስንቱን ተማሪ አሻግሯል! ፕሮፌሰር ባዬ ይማም በለንደን ዩኒቨርሲቲ የተማሩትን ዘመናዊ የሥነ ልሳን ትምህርት ይዘው መጥተው በ1987 ዓ.ም. የአማርኛን ሰዋስው በአማርኛ ጻፉልን። በእንግሊዝኛ ቢጽፉት ለሳቸው ይቀላቸው ነበር ብዬ አምናለሁ። ብዙዎቻችሁ ዲፓርትመንት የመረጣችሁት ያንን መጽሐፍ አንብባችሁ እንደሆነ ራሳችሁ ነግራችሁኛል።

ከሁሉም ይበልጥ ልቤን የሚነካኝ የዶ/ር ፈቃደ አዘዘ ሥራ ነው። የ1977ቱን ድርቅ ሁላችንም እናስታውሳለን፣ ያልደረሰበትም ሰምቷል። ዓለም የሚያውቀው በፎቶ ነው። የተራበው ገበሬ ግን ያን ጊዜ ግጥም ይገጥም ነበር። ፈጣሪውን ይጠይቃል፣ ሰማዩን ይወቅሳል፣ ጎረቤቱን ያለቅሳል። ዶ/ር ፈቃደ ሰሜን ሸዋ ድረስ ሄደው እነዚያን ግጥሞች ሰበሰቡ። በ1998 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ታተመላቸው። ከሥነ ጽሑፍ ክፍል ባይሆን ኖሮ ይህን ማን ይሰበስበው ነበር? የእርዳታ ድርጅት እህል ይቆጥራል። መንግሥት ሰው ይቆጥራል። ገበሬው ምን አለ ብሎ የሚጠይቀው የኛ ሙያ ነው። ዶ/ር ፈቃደ ይህንንም አድርገው አልተቀመጡም። ሥነ ቃል እንዴት እንደሚሰበሰብ የሚያስተምር መምሪያ በአማርኛ ጻፉ። ዛሬ መስክ የሚወጡ ተማሪዎቻችን የሚሄዱት እሳቸው በጠረጉት መንገድ ነው።

ተማሪዎችም ቢሆኑ ድምፃቸው ከግቢ አጥር ውጭ የተሰማበት ጊዜ ነበር። በ1953 ዓ.ም. በኮሌጁ ዓመታዊ በዓል፣ በኮሌጅ ዴይ፣ ታምሩ ፈይሳ «ደሃው ይናገራል» የሚለውን ግጥሙን ሲያነብ፣ በ1958 ዓ.ም. ደግሞ ኢብሳ ጉተማ «ኢትዮጵያዊው ማነው?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ነገሩ አዳራሽ ውስጥ አልቀረም። ከስልሳ ዓመት በኋላ ዛሬም እንጠቅሳቸዋለን። ሁለቱም ተማሪዎች ነበሩ።

አሁን ወደ እንግሊዝኛው ልምጣ። የእንግሊዝኛ ክፍላችን ሥራ ጎልቶ አይታይም። የሚታየው ሌላ ቦታ፣ ሌላ ሰው አፍ ላይ ነው። ከ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ወዲህ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ማስተማሪያው እንግሊዝኛ ነው። ፊዚክሱም፣ ታሪኩም፣ ሒሳቡም። ልጁ እንግሊዝኛው ካልገባው ፊዚክሱ አይገባውም። ስለዚህ ከዚህ ክፍል የሚወጣ አንድ ጥሩ መምህር ለትምህርት ቤቱ መምህራን ሁሉ እገዛ ነው።

በክረምት የሚማሩትን መምህራን አውቃቸዋለሁ። ዓመቱን ሙሉ ሲያስተምሩ ከርመው፣ ሰው ሲያርፍ እነሱ ክላስ ይገባሉ። በአንድ ክፍል ሃምሳ ስልሳ ልጅ ያስተምራሉ። ድርሰት ካጻፉ ሃምሳ ስልሳ ወረቀት ቤት ይወሰዳል። ሁሉንም ስህተት በቀይ ማስመር ይሻላል? ወይስ በአንድ ነገር ላይ ብቻ አስተያየት መስጠት? ብዙዎቹ ቲሲሳቸውን የሚሠሩት በዚሁ ጥያቄ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ኑሯቸው ነው። ጥናታቸውን በመርማሪዎች ፊት ሲከላከሉ፣ ዲፌንስ ላይ ተቀምጬ ስሰማ የሚያስቆጨኝ አንድ ነገር አለ። ያ ጥናት የተሠራበት ትምህርት ቤት ያሉ ባልደረቦቻቸው ውጤቱን ብዙ ጊዜ አያዩትም። ክፍላቸውን ለጥናት የከፈቱት እነሱ ናቸው። መጠይቁን የሞሉት እነሱ ናቸው። ውጤቱ ግን ተጠርዞ ሼልፍ ላይ ይቀመጣል። በርግጥ ዩኒቨርሲቲው ቲሲሶችን ኢንተርኔት ላይ ማስቀመጡ ትልቅ እርምጃ ነው። ኔትወርክ በማይዝበት ወረዳ ላለ መምህር ግን ይህ ብዙም አይረዳም።

የምልክት ቋንቋ ተመራቂዎቻችንንም ሳላነሳ አላልፍም። የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ በዩኒቨርሲቲ ደረጃ በዲግሪ መሰጠቱ ለብዙ ቤተሰብ የዘመናት ጥያቄ መልስ ነው። ለነሱ ጥናትን መመለስ ማለት በወረቀት ሳይሆን በቪዲዮ ነው። ይህን ከወዲሁ እናስብበት።

እንግዲህ ሥራ አስፈጻሚው ለጉባኤው የሚያቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ከዘንድሮ ጀምሮ ቲሲሱን የጨረሰ አባላችን ሁሉ ከአራት ገጽ ያልበለጠ አጭር ጽሑፍ ያዘጋጅ። አማርኛም፣ አፋን ኦሮሞም፣ ሲዳምኛም ይሁን፣ ለጥናቱ መረጃ የሰጡት ሰዎች በሚያነቡት ቋንቋ ይሁን። «ንድፈ ሐሳባዊ ማዕቀፍ» የሚል ነገር አይግባበት። ምን ጠየቅሁ፣ ምን አገኘሁ፣ ለናንተ ምን ይጠቅማል፣ በቃ። የማሳተሚያውን ወጪ ማኅበሩ ይሸፍን። አጥኚው ራሱ ወስዶ ለትምህርት ቤቱ ወይም ለቀበሌው ያስረክብ። ትራንስፖርቱንም እንቻለው። ስማቸው እንዲጻፍ የፈቀዱ አዛውንቶች ስማቸው መጀመሪያው ገጽ ላይ ይውጣ። ምስጋና ተብሎ መጨረሻ ላይ በትንሽ ፊደል መጻፉ አይበቃቸውም።

አማካሪዎችንም የምለምነው አለኝ። ጫናችሁን አውቃለሁ። ክፍለ ጊዜ አለ፣ ፈተና እርማት አለ፣ የራሳችሁም ጥናት አለ። ይህችን አራት ገጽ ግን አብራችሁ እዩላቸው። ተማሪ ያገኘውን ነገር እናቱ በምትረዳው ቋንቋ መጻፍ ሲጀምር፣ ያልገባው የቱ እንደሆነ እሱም ወዲያው ይታወቀዋል። ይህን በየዓመቱ አያለሁ።

ሐሳቡ ከሰዓት በኋላ ለውይይት ይቀርባል። የምትቃወሙ ካላችሁ በደንብ ተቃወሙ፤ ገንዘቡ ከየት ይመጣል የሚለውን የሒሳብ ሹማችን መልስ ይዘውበታል። አሁን ዘንድሮ ከተመረቁት መካከል አንዷ የመጀመሪያዋን ባለ አራት ገጽ ጽሑፍ ታነብልናለች። ጥናቷን የሠራችበት ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርም አብረዋት መጥተዋል፤ ፊት ለፊት ወንበር ይያዝላቸው።

ጉባኤው ተከፍቷል። እህቴ፣ መድረኩ ያንቺ ነው።