ቁም ሳጥኑን ገፋ አድርጉት፦ ቤት ለሚገዛና ለሚሸጥ ሰው

(ምስል፦ ባዶ ሳሎን። አዲስ የተቀባ ነጭ ግድግዳ። ጥግ ላይ ትልቅ ቁም ሳጥን።)

ጤና ይስጥልኝ። ይህን ክፍል እዩት። ቀለሙ ትናንት የተቀባ ይመስላል። መስኮቱ ሰፊ ነው፤ ብርሃን እንደ ልብ ይገባል። ቤት ሊያይ የመጣ ሰው እዚህ ሲቆም ልቡ ይሸፍታል። ሶፋውን የት እንደሚያደርግ፣ የልጆቹ አልጋ የቱ ክፍል እንደሚገባ ማሰብ ይጀምራል።

አሁን ቁም ሳጥኑን ገፋ እናድርገው።

(ምስል፦ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ያለው ግድግዳ፣ በቅርበት።)

ከወለሉ እስከ ጉልበት ድረስ ቀለሙ አብጧል። በጣት ሲነኩት ይፈረፈራል። ሥሩ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ተጋግሯል። ጎንበስ ስትሉ የታመቀ ሽታ ይመጣል፤ ሳይደርቅ ታጥፎ የከረመ ልብስ ዓይነት።

የዛሬው ቪዲዮ የሚነሳው ከዚህ ግድግዳ ነው። ቤት ገዢ ቁም ሳጥን የመግፋት፣ የመጠየቅና "ይቅርብኝ" ብሎ የመሄድ አቅም ያለው ገንዘቡ ከእጁ ሳይወጣ ነው። ከከፈለ በኋላ ግድግዳው ከነእርጥበቱ የራሱ ነው። ስለዚህ ያቺን ከክፍያ በፊት ያለች ጊዜ በደንብ እንጠቀምባት።

ነጩ ዱቄት ጨው ነው። ውሃ ከመሬት ተነስቶ በብሎኬቱና በልስኑ ውስጥ ሽቅብ ይሳባል። ሲወጣ ጨው ይዞ ይወጣል። ውሃው ተንኖ ሲጠፋ ጨው ግድግዳው ላይ ይቀራል። ከመሬት የሚሳብ እርጥበት አብዛኛውን ጊዜ ከወለሉ አንድ ሜትር ገደማ አያልፍም። እድፉ ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ወይም ከኮርኒስ ጀምሮ ወደ ታች የወረደ ከሆነ፣ ምንጩን ጣሪያው ወይም ግድግዳ ውስጥ ያለፈ ቧንቧ ጋ ፈልጉት። ኮርኒስ ላይ ዙሪያው ጠቆር ያለ ቡናማ ክብ ካያችሁ፣ ውሃ እዚያ ደርሶ ደርቋል ማለት ነው። ክቡ ተደራርቦ ከሆነ ነገሩ ተደጋግሟል።

ቀለም ይህን ሁሉ ይሸፍናል፤ ግን ለጥቂት ወራት ብቻ ነው። ቤቱ በሙሉ አሮጌ ቀለም ሆኖ አንድ ግድግዳ ብቻ አዲስ ከተቀባ "ይህ ለብቻው ለምን ተቀባ?" ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ንጹሕ ሊሆን ይችላል። ጥያቄው ግን ሳይጠየቅ አይለፍ።

ውሃን ከሁሉ የማስቀድመው በምክንያት ነው። ውሃ እንጨት ያበሰብሳል። ኮንክሪት ውስጥ ያለ ብረት ላይ ከደረሰ ያዝገዋል፤ የዛገ ብረት ደግሞ ስለሚያብጥ ኮንክሪቱን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። የኤሌክትሪክ መስመር ካገኘ አደጋ ነው። ሻጋታ ያበቅላል፤ አስም ያለበት ልጅ በዚያ ክፍል ሲያድር የሚሆነውን ያየ ሰው ይህን አይረሳም። የተሰበረ በር በአንድ ቀን ይቀየራል። ምንጩ ያልታወቀ እርጥበት ግን ዓመታት ያባክናል።

(ምስል፦ የውሃ ቆጣሪ። ትንሿ መዘውር በቅርበት።)

ማንም ሊሠራው የሚችል ፍተሻ ላሳያችሁ። ቤቱ ውስጥ ያለውን ቧንቧ ሁሉ ዝጉ። የሽንት ቤቱ ታንክ እስኪሞላ ጠብቁ። ከዚያ ቆጣሪው ጋ ሄዳችሁ ንባቡን በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። 30 ደቂቃ ቆይታችሁ እንደገና አንሱት። ማንም ውሃ ሳይነካ ቁጥሩ ከተንቀሳቀሰ፣ ከቆጣሪው ወዲህ የሆነ ቦታ ውሃ እየፈሰሰ ነው። ምናልባት ወለል ሥር። ይህ ፍተሻ አንዲት ሳንቲም አያስወጣም፤ ስንት ገዢ እንደሚያደርገው ግን እጠራጠራለሁ።

ቀጥሎ ሻወሩን፣ የእጅ መታጠቢያውንና የማድ ቤቱን ቧንቧ አንድ ላይ ክፈቱ። ጉልበቱ ምን ያህል እንደሚደክም እዩ። መጀመሪያ የሚወጣው ውሃ ቡናማ ከሆነ የብረት ቱቦው ከውስጥ ዝጎ ሊሆን ይችላል። የእቃ ማጠቢያውን ሞልታችሁ በአንዴ ልቀቁት። እየተንዶቀዶቀ ቀስ ብሎ ከወረደ ወይ ፍሳሹ ተደፍኗል ወይ የፍሳሽ መስመሩ አየር ማስወጫ አይሠራም።

ወደ ውጭ ውጡ። አሸንዳው ውሃውን የት ነው የሚጥለው? መሠረቱ ሥር ከሆነ የዚያ ግድግዳ ምስጢር ተገለጠ። በቤቱ ዙሪያ ያለው መሬትም ከግድግዳው እየራቀ መውረድ አለበት። በ3 ሜትር ርቀት ውስጥ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ካለ ጥሩ ነው። መሬቱ ወደ ቤቱ ካዘነበለ፣ ዝናብ በጣለ ቁጥር ውሃው ቤቱን ይጎበኛል። ከቻላችሁ ዝናብ በዘነበ ማግስት እንደገና ሂዱ።

(ምስል፦ ከመስኮት ጥግ ሽቅብ የሚሄድ ስንጥቅ።)

ስንጥቅ ሁሉ አያስደንግጣችሁ። እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ አብዛኛውን ጊዜ ልስኑ ሲደርቅ የመጣ ነው። የሚያሳስበው ሌላ ነው፦ ከበርና ከመስኮት ጥግ ተነስቶ ሰያፍ የሚሄድ፣ በብሎኬት መጋጠሚያ እንደ ደረጃ የሚወጣ፣ አንዱ ጫፉ ከሌላው የሰፋ፣ ስፋቱ ከ5 ሚሊ ሜትር ያለፈ። እንዲህ ያለው መሠረቱ ባንድ ወገን እየሰመጠ መሆኑን ሊናገር ይችላል። ወለሉ ላይ ብይ አስቀምጡ። ለቅቃችሁት ወደ አንድ ጥግ እየፈጠነ ከሄደ፣ በሮቹም አልገጥም ካሉ፣ መሐንዲስ ሳይመጣ አንድ እርምጃ ወደፊት አትሂዱ። መሐንዲሱን እናንተው ፈልጉት፣ እናንተው ክፈሉት። ሻጩ ወይም ደላላው ያመጣው ባለሙያ ጥሩ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ግን የቀጠረው ሌላ ነው።

ኤሌክትሪኩን በአጭሩ። ምድጃ ሲበራ አምፖሉ የሚደበዝዝ ከሆነ፣ ሶኬቱ ከሞቀ ወይም ዙሪያው ከጠቆረ፣ ባለሙያ ይየው። እናንተ አትነካኩት።

አንድ ቀን ደግሞ ማታ ሂዱ። ቀን ጸጥ ያለ ሰፈር ማታ ሌላ ሰፈር ሊሆን ይችላል። ጎረቤት ሰላም በሉና ስለ ውሃው፣ ስለ መብራቱ፣ ስለ ጩኸቱ ጠይቁ። ጎረቤት ከቤቱ ሽያጭ የሚያገኘው ነገር ስለሌለ እውነቱን የመንገር ዕድሉ ሰፊ ነው።

(ምስል፦ ጠረጴዛ ላይ የባለቤትነት ደብተርና መታወቂያ።)

አሁን ወደ ወረቀቱ። ወረቀትም የራሱ ቁም ሳጥን አለው።

ሻጩ የባለቤትነት ማስረጃውን ሲያሳያችሁ የምታዩት ወረቀቱ በታተመበት ቀን የነበረውን ነገር ነው። ከዚያ ወዲህ ቤቱ ለብድር ተይዞ ሊሆን ይችላል። ፍርድ ቤት አግዶት ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1858 ደቡብ አውስትራሊያ ውስጥ በሮበርት ቶረንስ ግፊት የወጣው ሕግ ይህን ችግር ከሥሩ ለመንቀል የታሰበ ነበር። ቶረንስ ቀደም ሲል በጉምሩክ ሥራው የመርከቦችን ምዝገባ ያውቅ ነበር። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ባለቤትነትን የሚወስነው በሰው እጅ ያለው ወረቀት ሳይሆን መዝገቡ ላይ የሰፈረው ይሁን። ዛሬ ብዙ አገሮች የዚህ ዓይነት አሠራር አላቸው። ሌሎች ደግሞ ቤቱ ከማን ወደ ማን እንደተላለፈ የሚያሳዩትን የቀደሙ ውሎች አንድ በአንድ ወደ ኋላ ይቆጥራሉ። የእናንተ አገር የትኛውም ይሁን፣ መዝገቡን የያዘው መሥሪያ ቤት ሄዳችሁ ዕዳና እገዳ መኖሩን በራሳችሁ አረጋግጡ። ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት።

እዚያው ሳላችሁ የሻጩ ስም ከመታወቂያው ጋር ይገጥም እንደሆነ እዩ። ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛው ተስማምቷል? ቤቱ የውርስ ከሆነ ወራሾቹ ሁሉ ታውቀዋል? አንድ እህት ሩቅ አገር ካለች የእሷም ፊርማ ያስፈልጋል። በውክልና የሚሸጥ ከሆነ ውክልናው መሸጥን በግልጽ ይፈቅዳል? አልተሻረም? ወካዩስ በሕይወት አለ? "በኋላ ትፈርማለች" የሚል ቃል ላይ ገንዘብ አይከፈልም። ግንባታው ከፕላኑ ጋር መግጠሙንም በሜትር ለኩ። ያለ ፈቃድ የተጨመረች አንዲት ክፍል ነገ "አፍርሱ" ልትባሉ የምትችሉባት ናት።

ደላላው "ሌላ ገዢ መንገድ ላይ ነው፣ ዛሬ ካልሆነ ያመልጣችኋል" ሲላችሁ ሒሳቡን አስቡት። ኮሚሽኑ 3 ከመቶ ከሆነ፣ ዋጋው በ10,000 ከፍ ወይም ዝቅ ቢል ለእሱ ልዩነቱ 300 ነው። ስለዚህ ለእሱ ከዋጋው ይልቅ ቶሎ ማለቁ ይበልጣል። ይህ ክፉ ሰው አያደርገውም። ግን የእሱ ጥድፊያ የእናንተ ጥድፊያ አይደለም።

በብድር የምትገዙ ከሆነ ወርሃዊውን ክፍያ ብቻ አትዩ። 1,000,000 ተበድራችሁ በ10 ከመቶ ወለድ በ20 ዓመት ብትከፍሉ፣ በወር 9,650 ገደማ ይመጣል። በድምሩ ከ2,300,000 በላይ ማለት ነው። የመጀመሪያው ወር ክፍያ ውስጥ 8,333ቱ ወለድ ነው፤ ከዋናው ዕዳ የሚቀንሰው 1,317 ብቻ። በ10 ዓመት ከጨረሳችሁት ወርሃዊው ወደ 13,215 ያድጋል፤ ጠቅላላው ግን 1,586,000 አካባቢ ይሆናል። ታክሱን፣ የውል ማስመዝገቢያውን፣ የጥገናውን ገንዘብ ለይታችሁ ሳታስቀምጡ ያላችሁን ሁሉ ለዋጋው አታውጡ።

የምትከፍሉበት ቀን ሲደርስ አንድ ነገር ልብ በሉ። አጭበርባሪዎች ኢሜይል ሰብረው ገብተው "የሒሳብ ቁጥሩ ተቀይሯል" የሚል መልእክት ይልካሉ። እንዲህ ያለ መልእክት ከመጣ በመልእክቱ ላይ ባለው ስልክ አትደውሉ። ገንዘቡን ለሚቀበለው ሰው ከድሮ በምታውቁት ቁጥር ደውላችሁ ከራሱ አፍ ስሙ።

(ምስል፦ ያው ሳሎን፣ ያው ግድግዳ።)

አሁን ወደዚያው ግድግዳ እንመለስ። ዛሬ ግን ሻጮቹ እናንተ ናችሁ።

ቁም ሳጥኑን መልሳችሁ ልታስጠጉት ያምራችሁ ይሆናል። አታድርጉት። የምጠይቃችሁ ለገዢው ብዬ ብቻ አይደለም። ጠንቃቃ ገዢ ያገኘዋል፤ ካገኘው በኋላ የምትናገሩትን ሌላ ነገር አያምንም። ከሽያጭ በኋላ ከተገኘ ደግሞ፣ እያወቃችሁ የደበቃችሁት ጉድለት በብዙ አገር ሕግ ፍርድ ቤት ሊያቆማችሁ ይችላል። ይልቅ አሸንዳውን አስተካክሉ፣ ግድግዳው ይድረቅ፣ ከዚያ ቀለም ቀቡ። ማስጠገን ካልቻላችሁ የጥገናውን ግምት በጽሑፍ አስወጡና ለገዢው አሳዩት። ዋጋው የታወቀ ችግር መደራደሪያ ነው። የተደበቀ ችግር ግን ገዢን ያባርራል።

ዋጋ ስትተምኑ ያወጣችሁትን ወጪ ደምራችሁ አትነሱ። ገዢው ለሴራሚኩ ምን ያህል እንደከፈላችሁ አይገደውም። ልጆቻችሁ እዚያ ደጅ ላይ ዳዴ ማለታቸውም ዋጋው ውስጥ አይገባም፤ ከባድ ነው፣ አውቃለሁ። በአካባቢው በቅርቡ በርግጥ የተሸጡ ተመሳሳይ ቤቶችን ዋጋ እዩ። የሚጠየቀውን ሳይሆን የተከፈለውን። ሰው አብዝቶ የሚመጣው ቤቱ ገበያ እንደወጣ ነው። መጀመሪያ ላይ አስወድዳችሁ ከቆያችሁ፣ ወራት ያለፉበትን ቤት ሰው "ምን ችግር ቢኖርበት ነው?" ማለት ይጀምራል።

ከመሸጣችሁ በፊት ግማሹን እቃ አውጡ፣ የሚንጠባጠበውን ቧንቧ አስጠግኑ፣ የተቃጠለውን አምፖል ቀይሩ። ይህ በቂ ነው። ገና ለገና ይሸጣል ብላችሁ አዲስ ማድ ቤት አታሠሩ። ያወጣችሁት ሁሉ ላይመለስ ይችላል፤ ገዢው የራሱ ምርጫ አለው።

(ምስል፦ ሁለት ሰዎች ቆጣሪ ፊት ቆመው። አንዱ ስልኩን ይዟል።)

የርክክብ ቀን ሁለታችሁም ቤቱ ውስጥ ተገኙ። የውሃና የመብራት ቆጣሪውን ንባብ አብራችሁ ፎቶ አንሱ፤ እስከዚያ ያለውን ሻጩ ይክፈል፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ገዢው። ቁልፎቹን ቆጥራችሁ ተረካከቡ። የጓሮውን በርና የቆጣሪ ሳጥኑንም ቁልፍ አትርሱ። ውሉ ላይ "ከቤቱ ጋር ይቀራል" የተባለው እቃ መኖሩን አንድ በአንድ እዩ። ሁለታችሁም ፈርሙና አንድ አንድ ቅጂ ያዙ።

ገዢዎች፣ በዚያው ምሽት የበሩን ቁልፍ አስቀይሩ።