ባዶ ያልኩት ኩሬ

እሺ... እየቀዳ መሰለኝ። ዛሬ ስለ በግ አላወራም፣ ቃል ገብቻለሁ። ውሻውም ለጊዜው ዝም ብሏል።

ያቺ ቪዲዮ ናት አልወጣልኝ ያለችው። ከጣርማ በር፣ ከደብረ ብርሃን ወዲያ ካለው ደጋ፣ ያ ኩሬዬ ውስጥ አሳ ልጨምር ወይ ብሎ የጠየቀኝ ወንድማችን የላካት። ባለፈው "ኩሬው ባዶ ነው፣ ውሃው ቀዝቃዛ ነው፣ ትራውት ይሆንልሃል" ብዬ በአንድ ትንፋሽ የመለስኩለት። ትራውት ቀዝቃዛ ውሃ የሚወድ አሳ ነው። አርባ ሰከንድ ናት። ሳሩ ላይ ውርጭ አለ። አንድ እጅ ባዶ ሃይላንድ ውሃው ውስጥ ይነክራል፣ ቡልቅ ቡልቅ ይላል። ከዚያ ወደ ፀሐይ ያነሳዋል። ውስጡ ቀያይ ነጠብጣብ፤ ሽቅብ ዘለል፣ ቁልቁል ዘለል። ዳፍኒያ ነው፣ ውሃ ውስጥ እየዘለለች የምትኖር ደቃቃ ፍጥረት። አንዲት ጅራታም የእንቁራሪት ልጅ ደግሞ በአፏ ፕላስቲኩን ይዛ ትፍቃለች። ሰውየው ምንም አይናገርም። ዝም ብሎ ይዞታል።

መልስ ነበር እንዴ? እንጃ።

ዳፍኒያ በዓይን እስኪታይ ከተለቀ፣ አብዛኛውን ጊዜ እያየ የሚለቅመው አሳ የለም ማለት ነው። ትራውት በዓይኑ ነው የሚያድነው፣ ትልልቁን ነው የሚያስቀድመው። ውሃ አረንጓዴ የሚያደርገውን አልጌ ግጦ የሚያጠራው ደግሞ ዳፍኒያው ነው። እሱ ሲያልቅ ውሃው አረንጓዴ ይሆናል፣ ባለ ኩሬው ደግሞ ከላይ በኩል ማዳበሪያ በተነብኝ ብሎ ጎረቤቱን ይከሳል። (ሳቅ)

በቅዝቃዜው አልተሳሳትኩም። ትራውት ከ20 ዲግሪ በላይ ይጨነቃል፣ 25 አካባቢ ይሞታል፤ ሙቅ ውሃ የሚወደው ቆሮሶ ደግሞ እዚህ ቢገባ በብርዱ ደንዝዞ ይቀራል እንጂ አያድግም። የዘለልኩት ከፍታውን ነው። ባሕር ጠለል ላይ 15 ዲግሪ የሆነ ውሃ በሊትር 10 ሚሊግራም ገደማ ኦክስጅን ይይዛል። በደብረ ብርሃን ከፍታ፣ 2,800 ሜትር ላይ፣ 7 ገደማ ነው። ጣርማ በር ደግሞ ከዚያም ከፍ ያለ ቦታ ነው፣ ኦክስጅኑ ያንሳል። ትራውት ከ6 በታች አይመቸውም። መጠባበቂያው ይቺው ናት! ስለዚህ የሚለካው ሊነጋጋ ሲል፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው፤ አልጌውም አሳውም ሌሊቱን ሲተነፍሱ አድረው ኦክስጅኑ የሚያንሰው ያኔ ነው። ሙቀቱ ግን ከቀኑ 9 ሰዓት። ቴርሞሜትሩን ክንድ ያህል ጥልቀት አውርዱት፣ ላይ ላዩን ብቻ አትለኩ።

የበጋው ብርድ ግን ውለታ አለው። ሌሊት ላዩ ይቀዘቅዛል፣ ይከብዳል፣ ይሰምጣል፣ የታችኛው ይወጣል። ኩሬው ራሱን ያማስላል። ደስ ሲል... በክረምት ደመናው ይህንን ያሰንፈዋል።

ቁጥሩስ? ሰው ሺህ የአሳ ጫጩት መጨመር ነው የሚያስበው። መኖ የማይሰጠው የዱር ኩሬ በሄክታር ሁለት፣ ሦስት መቶ ቢችል ነው። የእሱ 40 በ25 ሜትር ነው፣ የሄክታር አንድ አሥረኛ። ሃያ፣ ሠላሳ አሳ። በቃ። ሲበዛ ይከሳል። 30 ሴንቲሜትር የሆነ ትራውት 270 ግራም ቢመዝን ደህና ነው፤ በዚያው ርዝመት 190 ከሆነ፣ ጭንቅላቱ ገዝፎ ጀርባው ስለት መስሎ ካገኛችሁት፣ ምግቡ አልቋል። ያኔ መቀነስ ነው እንጂ መጨመር አይደለም። ጾም ላይ ያላችሁ ይቅርታ፣ የአሳን ክርክር ዛሬም አልገባበትም።

መራባቱ ላይ ደግሞ... ኩሬ ውስጥ እንዲሁ አይራባም። ውሃ ሰርስሮ የሚያልፍበት ጠጠር ይፈልጋል፣ ከሽንብራ እስከ ዶሮ እንቁላል የሚያክል። በ10 ዲግሪ እንቁላሉ ለመፈልፈል ወር ያህል ይፈጃል። በዚያ ወር አንድ የሐምሌ ጎርፍ ደለል ከጫነበት ታፍኖ ይቀራል። ያው ጎርፍ መውጫው ላይ ያለውን ወንፊት በቅጠል ይደፍነዋል። ውሃው በላዩ ይሄዳል፣ አሳውም አብሮት።

ውሻው ጀመረ። ዝም በል አንተ!

ባሌ ውስጥ ትራውት አለ አይደል ትሉኛላችሁ። አለ፣ ወደ ወይብና ወደ ዳንካ ወንዞች ከኬንያ የመጣ ነው፣ እንደ ፈረንጆቹ በ1960ዎቹ። ግን ካሊፎርኒያ፣ ሴራ ኔቫዳ ተራራ ላይ፣ አሳ ያልነበረባቸው ሐይቆች ውስጥ ትራውት ጨመሩ፣ እንቁራሪቱ ጠፋ። መልሰው አሳውን በመረብ ለቅመው ሲጨርሱ እንቁራሪቱ ተመለሰ። የተመለሰው ግን በአቅራቢያው የተረፈ ስለነበረ ነው። የእኛ ደጋ ሌላ አገር የሌሉ እንቁራሪቶች አሉት። የጠርሙሷ የትኛዋ እንደሆነች በጅራት አይለይም።

አትጨምር ልበለው? ልጆቹ አሳ ቢበሉ እኔ ምን ቤት ነኝ? ደግሞ...

ቪዲዮዋ መጨረሻ ላይ ካሜራው ይዞርና መውጫው ለአፍታ ይታያል፣ በሳር መሃል ቀጭን ውሃ። እዚያ ሸንተረር ላይ ወደ ምዕራብ የሄደው ጀማ ይገባል፣ ከዚያ አባይ። ወደ ምሥራቅ ገደሉን የወረደው አዋሽ። ስንቴ አየሁት መሰላችሁ፣ ፀሐይዋን ይዤ አቅጣጫውን ልለይ ስል ይቋረጣል። ልደውልለት ነው። ወይ ደግሞ... ቆይ ይሄ ውሻ...