ትኩሱን አትክደኚው

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ። የማወራችሁም ስለ ምሳ ዕቃ ነው። አትሳቁ፣ የምሬን ነው።

ልጄ ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ገባች። በመጀመሪያው ሳምንት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነስቼ፣ በትኩስ እንጀራ፣ እጅ የሚያስቆረጥም ፍርፍር ሠራሁላት። እንፋሎቱ ቦለል እያለ ምሳ ዕቃው ውስጥ ጨምሬ ጥርቅም አድርጌ ከደንኩት። ትኩስ ትብላ ብዬ ነዋ! ማታ ምሳው እንዳለ ተመለሰ። ስከፍተው ከክዳኑ ውሃ ጠብ ጠብ አለ፤ ፍርፍሩ ገንፎ ሆኗል፣ ሽታውም ተለውጧል። «እማ፣ ሊጥ ነው እኮ የሚመስለው» አለችኝ።

እናቴ እኛ ጋ ሰንብታ ነበር። አንዴ አየችውና «ትኩሱን ከደንሽው አይደል? ምግብም እኮ ያልበዋል» አለችኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ባልትና እየተማርኩ ነው፤ በዚህ ዕድሜዬ። የምሳ ዕቃ ፍርፍር በድርቆሽ ነው የሚሠራው ትላለች። ድርቆሹ ቁሌቱን ቀስ እያለ ይጠጣና ልክ በምሳ ሰዓት ይለሰልሳል። ጠዋት ስቀምሰው «ጠነከረብኝ» ብላት፣ «የምትሠሪው ለስድስት ሰዓት ነው፣ አሁን ማን ብዪ አለሽ?» አለችኝ።

ረቡዕና ዓርብ ደግሞ ሽሮ እልክ ነበር። ሽሮ ሲቀዘቅዝ ይረጋል፤ የረጋ ሽሮ የሚበላ ልጅ አሳዩኝ። እናቴ ያመጣችው መላ የሱፍ ፍትፍት ነው፣ ድሮም ቀዝቃዛ ነዋ የሚበላው። ሱፉን አመስ አድርጋ፣ ወቅጣ፣ በውሃ በጥብጣ ታጠልለዋለች። ውሃው በትንሽ ኮዳ፣ እንጀራው ተቆራርሶ ለብቻው ይሄዳል፤ ልጅቷ እዚያው ታገናኘዋለች። ዩኒፎርሟ ላይ ያገናኘችውን ቀን እንለፈው።

እኔ ባልትና ማለት ቅመም ማወቅ ይመስለኝ ነበር። ለካ ግማሹ ከውሃ ጋር የሚደረግ ትግል ነው! የድሮ ስንቅ የሚባለውን ሁሉ እዩት። በሶው የተቆላ ገብስ ነው። ጭኮው በሶ በቅቤ ታሽቶ፣ ጠብታ ውሃ ሳይነካው ነው። ቆሎው፣ ዳቦ ቆሎው፣ ቋንጣው፣ ድርቆሹ፣ አንዱም ውሃ የለውም። በ1888 ዓ.ም. ወደ አድዋ የዘመተው ሰው ወራት በፈጀ መንገድ እንዲህ ያለውን ነበር በአገልግሉና በስልቻው የያዘው። አዘጋጅተው የሸኙት፣ አብረውም ዘምተው መንገድ ላይ የፈጩት ሴቶች ናቸው።

አገልግልን ደግሞ ልብ ብዬ ያየሁት አሁን ነው። ውጪው ቆዳ፣ ውስጡ የሣር ስፌት። እንጀራው ከሥርም ከጎንም ይነጠፋል፣ ወጡ ወፈር ብሎ መሀል ይገባል፣ ከላይ ደግሞ እንጀራ ይለብሳል። እንፋሎቱን ሣሩም እንጀራውም ይጠጡታል። የእኛ ፕላስቲክ ምን ይጠጣል? የበርበሬ ቀለም ብቻ፤ እሱንም በሳሙና አይለቅም። ስለዚህ እናቴ ምግቡን በደንብ ታቀዘቅዝና፣ ከክዳኑ ሥር ግማሽ እንጀራ አጥፋ ጣል ታደርግበታለች። ላቡን የሚጠጣው እሱ ነው።

አንድ ነገር ላይ ግን ተጣላን። «ሞላ አድርጊው» ትላለች፤ እኔ ደግሞ «የስድስት ዓመት ልጅ ናት፣ ተመልሶ ይመጣል» እላለሁ። ባለፈው ሐሙስ ባዶ ምሳ ዕቃ መጣ። ልጄን ጠየቅኳት። «ጓደኞቼ ናቸው የጨረሱት፣ እኔ የእነሱን ፓስታ በላሁ። ነገም የአያቴን አድርጊልኝ።» የአያቴን! ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት የምነሳው እኔ!

በሉ፣ ድርቆሽ አስጥቼ ነው የመጣሁት። በመስኮት ሳይ ደመናው እየከበደ ነው፤ ሳይረጥብብኝ ሮጬ ላንሳው። ደህና ሰንብቱ።