የጃፓን ተማሪዎች የሰላም ጉዞ፦ ዋናው ሥራ ከበረራው በፊት ነው

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ናችሁ ውድ ተመልካቾቻችን! ዛሬ የምናወራው ስለ ጃፓን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነው። ስለ አቶሚክ ቦምብ ሊናገሩ ባሕር ማዶ ስለሚሄዱት ልጆች። ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠራው፣ እንዳትደናገሩ።

ታሪኩን ቶሎ ቶሎ ልበለው። በግንቦት 1998 ሕንድና ፓኪስታን ተከታትለው የኑክሌር ሙከራ አደረጉ። በዚያው ዓመት ከናጋሳኪ ሁለት ተማሪዎች ተመርጠው ወደ ተባበሩት መንግሥታት ተላኩ። ናጋሳኪ ማለት ከሂሮሺማ ጋር በ1945 አሜሪካ አቶሚክ ቦምብ የጣለችባት የጃፓን ከተማ ናት። የሰላም አምባሳደር ተባሉ። በ2001 ደግሞ ተማሪዎቹ የኑክሌር መሣሪያ እንዲወገድ ፊርማ ማሰባሰብ ጀመሩ። ያኔ የታሰበው 10 ሺህ ነበር፤ ዛሬ ድምሩ ከ2 ሚሊዮን አልፏል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይኼ ነው! ፊርማውን ይዘው ጄኔቫ፣ የተባበሩት መንግሥታት ጽሕፈት ቤት ድረስ ይሄዳሉ። በ2024 ከቦምቡ የተረፉት ሰዎች ማኅበር፣ ኒሆን ሂዳንክዮ፣ የኖቤል የሰላም ሽልማት ሲቀበልም የሰላም አምባሳደር ተማሪዎች ኦስሎ ተገኝተዋል።

እሺ፣ አሁን ወደምወደው ምሳሌ። ቡና ታውቃላችሁ አይደል? አቦል፣ ቶና፣ በረካ። የተወቀጠው ቡና ጀበና ውስጥ የሚገባው መቼ ነው? ለአቦል ነው። ለቶና ውሃ ነው የሚጨመረው። ለበረካም ውሃ ነው። አቦሉ ከቀጠነ ቶናው ምን ይሆናል? ቀለም ያለው ውሃ! የፈለገውን ያህል ቢንተከተክ፣ ዕጣኑ ቢጨስ፣ ፈንዲሻው ቢበተን፣ ያልገባ ቡና ከየት ይመጣል?

የሰላም ጉዞም እንደዚሁ ነው። አቦሉ አገር ቤት ያለው ዝግጅት ነው። ቶናው ጉዞው ነው። በረካው ተመልሶ ለትምህርት ቤትና ለከተማው ሰው የሚቀርበው ሪፖርት። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ቶናው ነው፦ ስለ አውሮፕላኑ፣ ስለ ጄኔቫ፣ ስለ ፎቶው። እኔ ግን ደግሜ እላለሁ፣ ቡናው የሚገባው በአቦል ነው።

ታዲያ ዝግጅቱ ውስጥ ምን ይገባል? መጀመሪያ ከቦምቡ የተረፈ ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ መስማት። ይኼ ነገ ዛሬ የሚባል አይደለም። በ2025 በጃፓን መንግሥት የተመዘገቡት ተራፊዎች ቁጥር ከ100 ሺህ በታች ወርዷል፣ አማካይ ዕድሜያቸውም 86 ደርሷል። ቀጥሎ ንግግሩ። ሦስት ደቂቃ ከተሰጠህ በእንግሊዝኛ 350 ቃል ገደማ ይበቃሃል፤ ከዚያ ካለፈ መሮጥ ይመጣል፣ ሲሮጥ ደግሞ አድማጩ ይጠፋል። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው የት ነው? ቁጥር ሲደረደር። “በ1945 መጨረሻ ሂሮሺማ ላይ 140 ሺህ ያህል ሰው ሞቷል” ብለህ ብትጀምር አዳራሹ ይሰማና ያልፋል። ሂሮሺማ ሙዚየም ውስጥ ግን የአንድ ተማሪ ምሳ ዕቃ አለ። ምግቡ እዚያው ውስጥ ከስሎ፣ ጥቁር ሆኖ ቀርቷል። ያልተበላ ምሳ! ከዚያ ጀምር። ቁጥሩ በኋላ ይድረስ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ባለፈው ቪዲዮ ሥር ብዙዎቻችሁ “ሂሮሺማ እኮ ዛሬም በጨረር የተበከለች ናት፣ ሰው አይኖርባትም፣ ልጆቹ ከየት መጡ?” ብላችሁ ጽፋችኋል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ልጆቹም በሄዱበት ሁሉ የሚጠየቁት ስለሆነ በደንብ እንየው። ሂሮሺማ ዛሬ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ይኖርባታል። ቦምቡ የፈነዳው መሬት ላይ አይደለም፣ 600 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነው። በውስጡ ከነበረው 64 ኪሎ ገደማ ዩራኒየም የተሰነጠቀው አንድ ኪሎ እንኳ አይሞላም። መሬት ላይ ከቀረው ጨረር 80 ከመቶ ያህሉ በመጀመሪያው 24 ሰዓት ውስጥ ወጥቶ አልቋል። በሦስተኛው ቀን፣ ነሐሴ ላይ፣ ትራሙ በከፊል መሥራት ጀምሯል! ከቼርኖቤል፣ ከዩክሬኑ የኑክሌር ጣቢያ፣ ጋር ሳታምታቱት አልቀራችሁም፤ እዚያ ወደ 190 ቶን ነዳጅ የያዘ ሪአክተር ነው ፈንድቶ ለቀናት የነደደው። ይኼ ማለት ግን “ጨረሩ አልጎዳም” ማለት አይደለም። ጨረር የተሸከመ ጥቁር ዝናብ ዘንቧል። ሕፃናት ከዓመታት በኋላ በደም ካንሰር ሞተዋል። ሁለቱንም አንድ ላይ መናገር የሚችል ልጅ ነው በደንብ የተዘጋጀ።

ከዚህ የሚከብዱ ጥያቄዎችም አሉ። “አገራችሁ ራሷ የኑክሌር ክልከላ ስምምነቱን ለምን አልፈረመችም?” ስምምነቱ በ2017 ጸድቆ በ2021 ሥራ ላይ ውሏል፣ ጃፓን ግን የለችበትም፤ ለደኅንነቷ በአሜሪካ ኑክሌር ትተማመናለችና። “ጃፓንስ በጦርነቱ ኮሪያና ቻይና ላይ ያደረገችው?” የሚልም አይጠፋም። እኔ በበኩሌ ይኼን ጥያቄ ያልተለማመደ ቡድን አውሮፕላን መሳፈር የለበትም ባይ ነኝ። ቦምቡ ከገደላቸው ውስጥ ብዙ ሺህ ኮሪያውያን እንዳሉ አውቆ የሚሄድ ልጅ፣ ሲጠየቅ አይደነግጥም። ጥፋቱን ሳይደብቅ ሐዘኑንም ይናገራል።

ልጆቹ ይዘውት የሚሄዱትን ስጦታ ሳልነግራችሁ አልጨርስም። አንድ ሺህ የወረቀት ወፍ፣ ሴንባዙሩ ይሉታል። በሁለት ዓመቷ ቦምቡ የደረሰባት፣ በ1955 በ12 ዓመቷ ያረፈችው ሳዳኮ ሳሳኪ ሆስፒታል ተኝታ ታጥፍ የነበረው ነው። ወረቀቱ በየጎኑ 7 ነጥብ 5 ሴንቲ ሜትር። 40 ወፍ በአንድ ክር፣ 25 ክር፤ ድምሩ 1000። ክሩ ጫፍ ላይ ዶቃ ወይም ቁልፍ እሰሩ፤ ካልታሰረ የታችኛው ወፍ ይሾልክና ሌሎቹም ይከተላሉ። ክንፋቸውን አትዘርጉ፤ ተጣጥፈው ከተደራረቡ ቦታ አይፈጁም፣ አይጨማደዱምም። እና በካርቶን አድርጋችሁ በእጅ ያዙት፣ ከታች ከሻንጣ ጋር አይጫን።

አጣጠፉን ደረጃ በደረጃ በቪዲዮ እንድንሠራው የምትፈልጉ ኮሜንት ላይ ጻፉልን፤ ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁም አድርጉ፣ ደወሏንም ተጫኗት።